የግሸን መንገድና የመከሩ ሠራተኞች

መስከረም 21 ቀን የሚከበረውን የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ለመሳለም በ2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ወሎ ተጓዝን። ደብረ ብርሃንን አልፈን፥ በጣርማ በር ብርድና ጉም ውስጥ ቁልቁል ወርደን፥ የሸዋ ሮቢትን ቆላ አቋርጠን በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ገባን። ከደሴም ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፈን የአምባሰልን ተራሮች ተያያዝናቸው። በመኪናው ውስጥ አረጋውያንና ወጣቶች እየተቀባበሉ ይዘምሩ ስለ ነበር የመንገዱ ርዝመት አልታወቀንም።

ግሸን የመስቀል ቅርጽ ያላት፥ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ናት። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት ስፍራ ነበረች። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረውም የጌታችን ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደዚህች አምባ ገብቶ በዚያ ተቀምጧል። ስለዚህ በየዓመቱ ምእመናን ከአራቱም ማዕዘን እየመጡ በዚያ አቀበት ይጎርፋሉ።

ለዚህ ጽሕፈታችን ምክንያት የሆነው ግን የአምባው ግርማ ሳይሆን በአቀበቱ ሥር ያጋጠመን ነገር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዐይነ ስውራን፥ እግራቸው የማይሄድላቸውና ሕመም የጸናባቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱም አንዱ፥ ነጠላ የተከናነቡ ሽማግሌ፥ ባዶ ጀሪካን ታቅፈዋል። ጥቂት ብር ከፊታቸው አኑረን፥ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን ልናልፍ ስንል፥ «ልጆቼ፥ ብሩንስ ሰው ሁሉ ይሰጠኛል፤ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ፥ ውኃ የሚቀዳልኝ ነው ያጣሁት» አሉን። እኛ ግን ቅዳሴ እንዳያመልጠን ቸኩለን ነበርና፥ «ስንመለስ እናመጣልዎታለን» ብለን ወጣን።

ከቅዳሴው በኋላ በአምባው ላይ ስብከት ተሰጠ። ሰባኪው፥ ጌታችን ሕዝቡ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ተጨንቀው ባየ ጊዜ ማዘኑን፥ መከሩ ብዙ ሆኖ ሳለ ሠራተኞቹ ጥቂት መሆናቸውን መናገሩን፥ የመከሩም ጌታ ሠራተኞችን እንዲልክ ይለምኑ ዘንድ ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙን ከማቴዎስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ አስረዱ። እኛም እጃችንን ዘርግተን፥ ድኾችንና ሕሙማንን የሚረዱ ክርስቲያኖችን እንዲያበዛልን ከሕዝቡ ጋራ ጸለይን። አሜን ባልን ጊዜ ግን የሽማግሌው ባዶ ጀሪካን ትዝ አለንና አንገታችንን ደፋን።

ስንወርድ ሽማግሌውን በስፍራቸው አገኘናቸው፤ ጀሪካኑ ግን ሞልቶ ነበር። ራሳቸው በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት ባልቴት ውኃውን ቀድተው አምጥተው፥ በሶ በጥብጠው ያጠጧቸው ነበር። አፍረን ይቅርታ ብንጠይቅ ባልቴቷ ቀና ብለው፥ «አይዟችሁ ልጆቼ፤ እናንተ ጸለያችሁ፥ እኔን ላከኝ» አሉን። ሊያጽናኑን ብለው ነበር፤ ለእኛ ግን ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን።

ወደ ቤታችን ተመልሰን ያንኑ ወንጌል ገለጥን። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ሠራተኞች እንዲጸልዩ የታዘዙት በዘጠነኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ነው፤ በዐሥረኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ተጠርተው የተላኩትም እነዚያው ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ስድስተኛ ምዕራፍም ሰባቱ የተመረጡት መበለቶች ከዕለት ምግባቸው ስለ ተዘነጉ ነው። ዲያቆን ማለት በግሪክኛው አገልጋይ ማለት መሆኑን በትምህርት ቤት ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምረናል! እኛ ግን በልጅነታችን ዲቁና ስንማር ዜማውንና ቅዳሴውን አጥንተን፥ የማዕዱን አገልግሎት ለሌላ ሰው ተውነው።

ከእኛ በፊት በዚሁ በግሸን መንገድ የተጓዙ አንዲት እናት እንዲህ አላደረጉም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ የወሎ ሕዝብ በራብ ተጨንቆ ነበር። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለራብተኞች አከፋፈሉ፤ በሞተች እናት ጡት ላይ ያለ ሕፃንም አገኙ። ይህንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ በተጠየቁ ጊዜ ልጆቹን መረጡ፤ እንጀራ እየሸጡም አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አርባ ዓመት ያህል ከዚህ አገልግሎት አልተለዩም። ሊጸልዩ ሄደው ሠራተኛ ሆነው ተመለሱ።

መከሩም ዛሬ አላነሰም። እኛ ከተጓዝን ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2014 ዓ.ም.፥ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተሰደደ። ያን ጊዜ ከእህልና ከልብስ ሌላ፥ ሕመምተኛ የሚያነሣ፥ ሕፃን የሚያቅፍ፥ ውኃ የሚቀዳ እጅም አስፈልጎ ነበር።

ውድ አንባቢያን ሆይ! በማታ ጸሎታችሁ የመከሩ ጌታ ሠራተኞችን እንዲልክ ከልጆቻችሁ ጋራ ለምኑ። ከአሜን በኋላ ግን ወዲያው አትነሡ። በሰፈራችን ውኃ የሚቀዳለት ያጣ ማን ነው? ነገስ ከእኛ ማን ይሄድለታል? ብላችሁ ተጠያየቁ። እኛም ከዚያ ጉዞ ወዲህ በየቅዳሜው ከተማሪዎቻችን ጥቂቶቹን ይዘን በጎረቤታችን ላሉ አንዲት ሕመምተኛ አሮጊት ውኃ እንቀዳለን፥ ቤታቸውንም እንጠርጋለን። ሥራው ትንሽ ነው፤ የሽማግሌውንም ዕዳ አይከፍልልንም። ነገር ግን ሠራተኞችን ላክልን ብለን ስንጸልይ አንገታችንን መድፋቱ ቀርቶልናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።