ሳንጀምር የሚጨርስልን

በዶርማችን አራት ነን፤ አራታችንም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነን። ላፕቶፕ ግን ያለን ሁለት ብቻ ስለ ሆነ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከጀርባው ቆሞ ያያል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናወራው ጥፋት የአንዳችን ሳይሆን የአራታችን ነው፤ «እኛ» እያልን የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ኮድ መጻፊያ ከፍቶ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አንድ መሥመር ጀምረን ሐሳባችንን ገና ሳናጠቃልል፣ ከፊታችን ግራጫ ፊደሎች ብቅ ይላሉ። ታብ የተባለችውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስንጫን ግራጫው ይደምቅና የእኛ ጽሑፍ ይሆናል። ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ መሥመሩን ብቻ ሳይሆን ገጹን በሙሉ ይሰጠናል። እኛም ጸሐፊ መሆናችን ቀርቶ ፈራሚ ሆነናል።

ነገሩ የቅርብ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ቪዡዋል ስቱዲዮ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ቢበዛ የጀመርነውን ስም ነበር የሚያሟላልን። ጊትሐብ ኮፓይለት በ2021 ለሙከራ ቀረበ፤ በ2022 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2024 መጨረሻም በወር እስከ 2,000 ማሟያ በነጻ መስጠት ጀመረ። ዛሬ ይህን መሰል ረዳት የሌለውን ኮድ መጻፊያ መፈለግ ያደክማል።

እርግጥ ነው፣ ውለታውን መካድ አይገባም። አስተማሪም ረዳትም በማይገኝበት እኩለ ሌሊት ላይ፣ ትርጉሙ የማይገባንን የእንግሊዝኛ የስሕተት መልእክት አብራርቶልናል። ስንት ጊዜ ብንጠይቀው አይሰለችም፤ «ይህንንም አታውቁም?» ብሎም አያሳፍረንም። መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቀን ግን እሱም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በገዛ ራሳችን የምንጽፈው ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ አይተን እንደነግጣለን። ይሁን እንጂ ድንጋጤው መብራት ሲመጣ ይረሳል። እኛን ያልተረሳ ነገር ያስተማረን የዕድሩ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ዓመት ለፕሮጀክታችን ሥራ ስንፈልግ፣ አንደኛው ጓደኛችን አባቱ የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ መሆናቸውን ነገረን። መዝገቡ ያረጀ፣ ጠርዙ የተበላ ነበር። እኛም የአባላቱን ክፍያ የሚይዝ፣ ውዝፍ ያለበትን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ልንሠራላቸው ቃል ገባን። በዕድሩ ደንብ ሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል ይሰረዛል።

ቀኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ አንድ ቀን ትክክለኛ መሆኑንና አለመሆኑን የሚለይ ክፍል መጻፍ ነበረብን። ስሙን ጽፈን ሳንጨርስ ግራጫው ፊደል ቀሪውን ሞላልን። አሥራ ሦስቱ ወሮች አሉ፤ ጳጉሜን አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ትሆናለች ይላል። በጣም ደስ አለን፤ ታብ ተጫንን። ከመዝገቡ የመስከረምንም የጥርንም ቀኖች ሞከርን፤ ሁሉም ሠራ። ፕሮግራሙ የተሳሳተ ቀን ሲያጋጥመው እንዳይቆም ደግሞ ዝም ብሎ አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ሌላ ግራጫ መሥመር መጣልን፤ እሱንም ተቀበልን። ፕሮጀክቱ ጥሩ ውጤት አገኘ።

በወሩ የሚሰረዙ ሰዎች ዝርዝር ወጣ፤ አንዲት ባልቴትም ስማቸው ተገኘ። በተጠሩ ጊዜ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የታጠፈች ወረቀት አወጡና፣ «ልጆቼ፣ እኔ እኮ የሰው ዕዳ ይዤ ዓመት አልሻገርም። ደረሰኙ ይኸው» አሉን። ደረሰኙ የሦስት ወሩ ውዝፍ መከፈሉን ይናገራል፤ ቀኑም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ይላል። ወደ ፕሮግራሙ ሄደን ቀኑን ብንጽፍ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለን።

የጓደኛችን አባት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «2015 እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው። በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን ማን ያጣዋል? ይህን የጻፈው ማነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«እኛ ነን» ብንል ውሸት ሆነብን፤ «መሣሪያው ነው» ብንል ደግሞ ነውር ሆነብን። አራታችንም አቀርቅረን ዝም አልን። እኒያ ባልቴት በዚያ ሳምንት ቢሞቱ ኖሮ በእኛ ምክንያት ድንኳን አይተከልላቸውም ነበር።

ማታ ኮዱን አንብበነዋል፤ እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ያነበብነው። መሣሪያው የወሰደው የፈረንጆቹን ሕግ ነው፤ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ቀን ይጨመራል ይላል። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ 2015 ላይ 5500 ደምሮ 7515ን ለ4 ያካፍልና ቀሪው 3 መሆኑን አይቶ «ሉቃስ» ይላል። ይህ ሕግ ከአንድ መሥመር አይበልጥም፤ የሚያውቁትም በየቤታችን ሞልተዋል። መሣሪያው የሚያደርገው ግን ቀደም ሲል ከተመለከተው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ነው፤ በዓለም ከተጻፈው ኮድ አብዛኛው ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው። የየትኛው ኩባንያ መሣሪያ እንደ ሆነ መጥቀስ አያስፈልግም። ሳያነቡ የፈረሙት እኛ ነንና።

«ጊዜ አተረፍን» የሚለው ምክንያታችንም ቢመረመር መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜትር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች 246 ሥራዎችን እንዲሠሩ አድርጎ ነበር። በመሣሪያው የታገዙት ሥራዎች 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰዱ፤ ሠራተኞቹ ግን ከጨረሱ በኋላ እንኳ 20 በመቶ ያህል እንደ ፈጠኑ ያምኑ ነበር። እነዚህ ለረጅም ጊዜ በሚያውቁት ኮድ ላይ የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ተማሪ የሚነግረን ሁሉን ነገር አይደለም። ነገር ግን ፍጥነትና የፍጥነት ስሜት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳየናል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ ወዲህ በዶርማችን ሦስት ደንብ አውጥተናል። አንደኛ፣ አዲስ ትምህርት ስንጀምር ረዳቱን እናጠፋለን፤ የመጀመሪያውን ስሕተት ራሳችን መሳሳት አለብን። ሁለተኛ፣ አንዳችን ለሌላው በአማርኛ ሊያስረዳው ያልቻለው መሥመር አይገባም፤ ይህ ደንብ ስንት ሌሊት እንዳጨቃጨቀን ጎረቤቶቻችን ይመሰክራሉ። ሦስተኛ፣ ሥራው የሰው ጉዳይ ከሆነ፣ ጉዳዩን የሚያውቀውን ሰው ሳንጠይቅ አንጀምርም። የዕድሩን ጸሐፊ ቀድመን ብንጠይቃቸው ኖሮ መልሱን ሻይ ሳይቀርብ ይነግሩን ነበር።

ደንቡን ሁልጊዜ እንጠብቃለን ብለን አንዋሽም፤ የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ጣታችን ወደ ታብ ይሸሻል። ቢሆንም ዛሬ ቢያንስ ስንሰርቅ እናውቀዋለን።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ የደመወዝ መዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሐኪም ቤት ካርድ የምንጽፈው እኛ ነን። መሣሪያውን ጣሉት አንላችሁም፤ እኛም አልጣልነውም። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅምና፣ ግራጫው ፊደል ሲመጣ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ነገ ደረሰኟን ይዛ የመጣች እናት «ይህን የጻፈው ማነው?» ብትል፣ ቀና ብለን «እኛ ነን» ማለት እንችላለን?