ስለ ጋፍና ስለ ባዕዱ ዘመዱ

በበረሃ አገር አረም ሰውን ያስቸግራል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። ዝናቡ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር በማይሞላበት በአቡ ዳቢ ምድር ግን፥ የአትክልት ስፍራ ሁሉ የሚኖረው ከባሕር ተጣርቶ በመጣ ወይም ከጕድጓድ በተሳበ ውሃ ነውና፥ ያለ ቦታው የበቀለ ተክል የባልንጀራውን መጠጥ ይጠጣል።

የአል ዐይን ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የቴምር ደናቸው የሚጠጣው ፈለጅ በሚባል፥ የከርሰ ምድር ውሃ ከሩቅ በሚያመጣ ቦይ ነው፤ ድርሻውም ለባለ መሬቱ በጊዜ እየተለካ ይሰጥ ነበር። ሼክ ዛይድ እ.ኤ.አ. በ1946 የአገሩ ገዥ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ቦዮቹን አስጠረጉ፤ በውሃ መነገድንም አስቀሩ። ዛሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የአቡ ዳቢ ሕግ ቍጥር 2 የከተማው መልክ፥ የሕዝቡም ጤናና ጸጥታ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ማዘጋጃ ቤቱም ይቈጣጠራል።

አጽዳ ብሎ ማዘዝ አይከብድም። የሚነቀለውንና የማይነቀለውን መለየት ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ጋፍ የተባለው ዛፍ የኤምሬቶች ብሔራዊ ዛፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የመቻቻል ዓመት ተብሎ በተከበረው ዘመን ምልክት ሆኖ የተመረጠውም እርሱ ነው። ሥሩን እስከ 30 ሜትር ሰድዶ ለራሱ ውሃ ይፈልጋል፤ መቍረጡም በሕግ የተከለከለ ነው። ከአሜሪካ ምድር የመጣ አንድ ዘመድ ግን አለው። በረሃውን ለማልበስ ተብሎ የተተከለ ሲሆን፥ ዐረቦች ጉወይፍ ይሉታል፤ ትንሹ ጋፍ እንደ ማለት ነው። በእኛ አገር አፋሮች ደርጊ ሐራ፥ ማለት የደርግ ዛፍ፥ ብለው የሰየሙት ይኸው ነው።

ከአዋሽ ሸለቆ ሄዶ በአል ዐይን በአንድ ሽማግሌ ቤት በአትክልተኛነት የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ከግንቡ ሥር ማንም ያልተከለው ይህ ዛፍ በቅሎ አገኘ። ሽማግሌው ጋፍ መስሏቸው ይሳሱለት ነበር፤ ቅጣትም ይፈራሉ። አትክልተኛው፥ «ባባ፥ ይህ ጋፍ አይደለም፤ በእኛ አገር ግጦሹን ያጠፋው እርሱ ነው» አላቸው።

«ልጄ፥ አንተ የእኛን ዛፍ ከእኛ ይልቅ ታውቃለህን?» አሉት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቢሳሳት የሚቀጡት ሽማግሌው፥ እንጀራውን የሚያጣው ግን እርሱ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትቶ መንገድ ዳር ወደ ቆመው እውነተኛ ጋፍ ወሰዳቸው። የጋፍ እሾህ አጭር ሆኖ በቅርንጫፉ ላይ እንዲሁ ተበታትኖ ይገኛል፤ የባዕዱ ግን ቅጠሉ በሚወጣበት አንጓ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቆማል። የጋፍ ፍሬ ቀጭን ነው፤ የሌላው ወፍራምና ቢጫ። ሽማግሌው በጣታቸው እየዳሰሱ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ካዩ በኋላ ፈቀዱለት።

በወንጌሉ ምሳሌ የእርሻው ጌታ እንክርዳዱ እስከ መከር ይቈይ ማለቱ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ብሎ ነበር። ለዚህ ዛፍ መከር መጠበቅ አይሆንም። ፍሬው ጣፋጭ ነውና ፍየልና ግመል ይበሉታል፤ ዘሩም በሆዳቸው ሳይጠፋ አልፎ ከፋንድያው ውስጥ ይበቅላል። ከምድር በላይ የቈረጡት እንደ ሆነም ከጕቶው ብዙ ሆኖ ያቈጠቍጣል። ግንዱና ሥሩ የሚጋጠሙበት ስፍራ እስኪገለጥ ተቈፍሮ ከአፈር በታች መቈረጥ አለበት፤ አትክልተኛውም ፀሐይ ሳይበረታ እየተነሣ ሦስት ማለዳ ቈፈረ።

ከግንቡ ውጭ ባለው ባዶ መሬት ላይ ሌሎች አራት ቆመዋል። ያ መሬት የማን እንደ ሆነ ሽማግሌውም አያውቁም። ግቢ ያለውን ሰው የሚያዝ ደንብ መልካም ነው፤ ኃይሉ ግን ባለቤት እስካለ ድረስ ነው። በአፋር ግጦሹ የጎሣ እንጂ የአንድ ሰው ስላልሆነ፥ ዛፉ ከ1 ሚልዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። ወደ ጣና ገዳማት በታንኳ የሚሻገር ተሳላሚም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየውን እንቦጭ ያውቀዋል። ገበሬዎች ከየቀበሌው ወጥተው እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ፥ የማንኛቸውም ግቢ አልነበረም።