ቀኑን ሳይነግሩን

በሳዑዲ ዓረቢያ ከደማም ወደ ኾበር በትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትመጣ ጓደኛ ነበረችኝ። ሁለታችንም 12 ዓመታችን ነበር፤ በክፍላችን አማርኛ የምንናገረውም እኛ ብቻ ነበርን። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ በኡርዱና በዓረብኛ ተቧድነው ሲሳሳቁ እኛ ግድግዳ ተደግፈን እናወራለን። አንድ ላጲስ ለሁለት ቆርጠን፣ በእሷ ግማሽ ላይ የእኔን ስም፣ በእኔ ላይ የእሷን በስክሪብቶ ጽፈናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2017 የሳዑዲ መንግሥት በውጭ አገር ሠራተኞች ቤተሰብ ላይ ክፍያ ጣለ፦ ለአንድ ሰው በወር 100 ሪያል፣ በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 400 የሚደርስ። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሲታደስ የዓመቱ ቀድሞ ይከፈል ነበር። በየቤቱ ሒሳብ ተሠራ። ብዙ አባቶች ኹሩጅ (የመጨረሻ መውጫ ቪዛ) አስመትተው ቤተሰባቸውን ወደ አገር ሸኙ። አባቴ እንደምንም ከፍሎ አቆየን፤ የጓደኛዬ አባት አልቻለም።

መስከረም ላይ አውቶቡሱ ያለ እሷ መጣ። ለእረፍት የምትሄድ መስሏት፣ «ስመለስ ኮርኒሹ ባሕር ዳር አይስክሬም ትጋብዥኛለሽ» ብላኝ ነበር የተለየችኝ።

ምግብ አልወርድ አለኝ። እናቴ የምትቋጥርልኝን ዳቦ በእንቁላል ሳልነካው እየመለስኩ ከአልጋዬ ሥር እደብቀው ነበር። ሽታው አጋለጠኝ። ልትቆጣኝ መጥታ አንድ በአንድ ስታወጣው ስድስት ሆነ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና «ምነው ልጄ፣ ማን ነካሽ?» አለችኝ። ማንም አልነካኝም። ማስረዳት ያቃተኝ ይኸው ነበር፤ የመታኝ ወይም የሰደበኝ ቢኖር ስሙን እነግራት ነበር።

እናቴ «ልጅ ነሽ፣ ሌላ ጓደኛ ታገኛለሽ» አላለችኝም። እስከ ዛሬ የማመሰግናት ለዚህ ነው። ቁጥር አፈላልጋ ጓደኛዬ ወዳለችበት ኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ጓደኛዬ «ላጲሱ አለ?» አለችኝ። እዚያ ያሉት ልጆች «ዓረቧ» እያሉ እንደሚጠሯት ያን ቀን ሰማሁ። በየሳምንቱ ዓርብ መደዋወል ጀመርን። ምግብ ቶሎ ተመለሰልኝ፤ ከሌላ ልጅ ጎን ደፍሬ ለመቀመጥ ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ወደ አገር ለመመለስ የቆረጣችሁ ወላጆች፣ የጉዞውን ቀን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሚሰናበቱት ሰው አላቸው።