ገበቴና አምፕሊፋየር

ስለ መኪና አምፕሊፋየር የሚተርክ ጽሑፍ በግጥምና በወግ ወዳጆች ፊት ማቅረብ ድፍረት ሊመስል ይችላል። የመኪና ሙዚቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በሌሊት መስኮታችንን እያርገበገበ የሚያልፈውን ጎረምሳ፣ አለዚያም ከወንበር ሥር በተደበቀ ስፒከር የተሳፋሪውን ሆድ የሚያናውጠውን ሚኒባስ ነው። ይሁንና ድምፅ በጠባብ ቤት እንዴት እንደሚያድር፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በመንገዱም ላይ ምን እንደሚጎድልበት ማሰብ ከስንኝ ሥራ የራቀ አይደለም። ስንኝም እኮ ጠባብ ቤት ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የአባቴ ጆሮ ነው።

አባቴ ጉልምስናቸውን የጨረሱት በከባድ መኪና መሪ ላይ ነው። በሾፌሮች አፍ «ኤንትሬ» የምትባለውን ፊያት ይዘው የአሰብን መንገድ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ያቺ መኪና አፍንጫ የላትም፤ ሞተሯ ያለው ከጋቢናው ሥር ነው። እንግዲህ ሾፌር ማለት ከናፍጣ ሞተር ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚውል ሰው ነበር። በአፋር በረሃ ደግሞ መስኮት ዘግቶ መንዳት የማይታሰብ ስለሆነ በሞተሩ ላይ ነፋሱ ይጨመራል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው በ4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። እርጅናም ሲመጣ ከላይ፣ ከቀጭኑ ጀምሮ ወደ ታች ይበላል። ወፍራሙ ድምፅ መጨረሻ ይቀራል።

ይህ በቋንቋ ላይ ሲደርስ የሚሆነውን አስተውሉ። አናባቢው ወፍራምና ጉልበታም ነው፤ ይቀራል። «ስ» እና «ፍ»፣ «ሽ» እና «ጽ» ግን ከትንፋሽ የተሠሩ ቀጫጭን ናቸው፤ እነርሱ ይጠፋሉ። «ፈራ» እና «ሠራ» አንድ ቃል ይሆናሉ። ሰውዬው መናገሩ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። አንድ ምሽት አዲስ የጻፍኩትን ግጥም አነበብኩላቸው። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ድምፅህ ይደርሰኛል፤ ቃልህ አይደርሰኝም» አሉኝ። ስለ ሕመማቸው ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከሐኪምም አልሰማሁም። ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ተገዝቶላቸዋል፤ «ያፏጭብኛል» ብለው በመሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ መንጃ ፈቃዳቸው አጠገብ አስቀምጠውታል።

ቤታችን ያለችው መኪና ዲኤክስ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከከተማ ወጣ እንላለን። ጡረታ የወጣ ሾፌር በመኪና ውስጥ እንጂ በሶፋ ላይ ደስ ብሎት አይቀመጥም። በዐቢይ ጾም የሚያዳምጡት በገና ነው፤ የዓለሙ አጋን በገና ከሁሉ አስበልጠው ይወዳሉ። ታዲያ በየስንኙ መጨረሻ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን አለ?» ይሉኛል። እኔም እየነዳሁ እደግምላቸዋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ «ምን አለ?» እየበዛ መጣ። በኋላ ደግሞ መጠየቁን ተዉት። ያስፈራኝ መተዋቸው ነው።

ቀላሉ መንገድ ድምፁን ማስጮህ ነው። ነገር ግን ጆሮ እንደ ገንዘብ ቆጣሪ አይደምርም። የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ሰው ሲሰማው «ትንሽ ጨመረ» ይላል እንጂ «እጥፍ ሆነ» አይልም። እጥፍ እንዲመስለው አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ከዚህም በላይ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ለ85 ዲሲቤል ጩኸት በቀን 8 ሰዓት ብለው ይወስናሉ፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በጩኸት የቆሰለን ጆሮ በጩኸት ማከም በቃጠሎ ላይ እሳት ማድረግ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ብዙ ድምፅ ሳይሆን የተመረጠ ድምፅ ሆነ፦ ቃሉ ያለበት፣ ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ያለው ክፍል በልኩ ከፍ ብሎ ጥርት እንዲል፣ በገናው ያለበት ወፍራሙ ደግሞ በጆሮ ባይሆን በወንበሩና በጀርባ አጥንት በኩል እንዲገባ።

የተስማማንበት ዕቃ እጅግም አያኮራም። ለአራቱ በሮች ስፒከሮች አራት መስመር ያለው ባለ 50 ዋት አምፕሊፋየር አንድ፣ ለሰብዉፈሩ ደግሞ «ክላስ ዲ» የሚባለው ዓይነት አንድ። ይህኛው የተመረጠው ከሚስበው ኤሌክትሪክ ውስጥ ከ80 ከመቶ የሚበልጠውን ወደ ድምፅ ስለሚለውጠው ነው፤ የቀድሞዎቹ ግማሽ ያህሉን በሙቀት መልክ ይበትኑታል። የዲኤክስ ዲናሞ ደግሞ ለመብራትና ለባትሪ የተለካ ትሑት ዲናሞ ነው፤ አይጨከንበትም።

ሥራውን የያዘው በሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ነው። እጁ የተባረከ፣ ዐይኑ ግን በመብራት የተማረከ። የእርሱ ሐሳብ ሁለቱን አምፕሊፋየሮች ከኋላ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አጋድሞ በመስታወት መሸፈንና ከሥራቸው ሰማያዊ መብራት ማብራት ነበር። «ጋሼ፣ አምፕሊፋየር የገዛ ሰው ያሳያል እንጂ ይደብቃል እንዴ?» አለኝ። «ያሳየ ሰው መስኮቱ ይሰበራል» አልኩት። ሳቀና ሌላ ቦታ ፍለጋ ገባን።

ቦታ ፍለጋው ሙሉ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ፤ ለእኔ ከሁሉ የጣፈጠኝ ክፍል ይህ ነው። በመደርደሪያው ሥር ገልብጦ መስቀል ይቻላል፤ ግን ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የተሰቀለው አምፕሊፋየር የገዛ ሙቀቱን መልሶ ይጠጣዋል። ከፊት ወንበር ሥር ማስገባትም ይቻላል፤ በክረምት ከጫማ የሚወርደው ውኃና ጭቃ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። በሰብዉፈሩ ሣጥን ላይ ማሰር ደግሞ ለዓይን ያምራል፤ ንዝረቱ ግን ውሎ አድሮ ቡሎኑን ያላላል፣ ብየዳውን ይሰነጥቃል። ልጁ በመጨረሻ ስኮርታውን አውጥተን በቦታው እናስገባ አለ። ይህን ሐሳብ ለአባቴ በጆሯቸው ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ይህቺን አንዷን ግን ሳትደገም ሰሟት። «ያለ ስኮርታ ከግቢ አልወጣም!» አሉ፤ በቃ፣ አለቀ። በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ያደረ ሰው ይህን የሚለው በቀልድ አይደለም።

መፍትሔው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበትን አትሮንስ ታስታውሳላችሁ። ሁለት ሰሌዳዎች ዘንበል ብለው ይገናኛሉ፤ መጽሐፉ በሁለቱ ላይ ግራና ቀኝ ይከፈታል። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ በዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከኤምዲኤፍ እንጨት እንዲህ ያለ አትሮንስ ሠራንና ሁለቱን አምፕሊፋየሮች እንደ ሁለት የተከፈቱ ገጾች አስደገፍናቸው። የማቀዝቀዣ ክንፎቻቸው መሥመር ከታች ወደ ላይ እንዲሆን ተደረገ፤ የሞቀው አየር በክንፎቹ መካከል እየወጣ ቀዝቃዛውን ከታች ይስባል። በእንጨቱና በወንበሩ ጀርባ መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተተወ። ጠርዙ ከወለሉ ጋር በሚመሳሰል ግራጫ ሞኬት ተሸፈነ። ክዳኑን ለከፈተ ሰው አምፕሊፋየሮቹ ይታዩታል፤ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ግን አይታዩትም። ልጁም ለራሱ ደስታ አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት በመካከላቸው አስገባ፤ ዝም አልኩት። ለሠሪም የድርሻው ይገባዋል።

የገመዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከባትሪው የሚነሣው ወፍራም ገመድ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ያስፈልገዋል፤ ገመዱ ላሜራውን ሲሻገር ተልጦ ቢነካ የሚቃጠለው ፊውዙ እንጂ መኪናው መሆን የለበትም። የኃይሉ ገመድ በግራ በኩል፣ የድምፁ ገመድ በቀኝ በኩል ነው የሚሄደው፤ ጎን ለጎን ካደሩ የዲናሞው ዋይታ ወደ ድምፁ ይገባል፤ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር አብሮ እየቀጠነ የሚጮህ ዋይታ። ጥንታዊ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የጋልቪን ወንድማማቾች «ሞቶሮላ» ያሉትን የመኪና ራዲዮ ለገበያ ሲያወጡም ከባዱ ፈተና የሞተሩ ብልጭታ በራዲዮው ውስጥ የሚፈጥረው ጫጫታ ነበር።

አንድ ነገር ግን የተለመደውን አፈረስን። ይህ ሥራ ሁልጊዜ የሚሠራው ለነጂው ጆሮ ነው። እኛ የለካነው ከነጂው በስተቀኝ፣ ጋቢና ለሚቀመጡት ሰው ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የግራው በር ስፒከር ከአባቴ ጆሮ ከቀኙ ይልቅ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ የቀኙ ድምፅ አንድ ከሦስት ሩብ ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ተደረገ። ሁለቱ እኩል ሲደርሱ ዘማሪው ከበሩ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። እኔ በነጂው ወንበር ሆኜ የምሰማው የተዛባ ነው። ይሁን።

የበገናን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በገና አሥር አውታር አለው፤ የድምፅ ሣጥኑ ገበቴ ይባላል። ያ የሚንዘረዘረው፣ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ድምፁ የሚወለደው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳዋን ብታወጧት በገናው ንጹሕ፣ ግን ድዳ ይሆናል። የእኛ ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የሠራው በሮቹን እየከፈተ የሚንዘረዘረውን ሁሉ ማፈን ነበር፦ ላሜራውን በጎማ ሰሌዳ ለጠፈ፣ የላላውን አጠበቀ፣ የሚያንቋቋውን በስፖንጅ ጠቀጠቀ። የአንዱ ገበቴ ንዝረት ጸሎት ነው፤ የሌላው ገበቴ ንዝረት ቅራቅንቦ ነው። የሁለቱን ልዩነት ልጁ በእጁ መዳፍ እየዳሰሰ ያውቀዋል፤ እኔ በቃል ለማስረዳት ብሞክርም ከዚህ አልዘለልኩም።

የተፈተነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። አባቴ ጋቢና ገቡ፤ ልጁ በመስኮቱ በኩል ቆመ። በገናው ተጀመረ፤ ድምፁ ሁለት ሰው ተቀምጦ ከሚያወራበት ብዙም አይበልጥም። አባቴ መዳፋቸውን በበሩ ላይ አሳረፉ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ፤ አልጠየቁኝም። በመተዋቸው ይሁን በመስማታቸው አላወቅሁም። በሁለተኛው ላይ ከንፈራቸው ከመጨረሻው ቃል ጋር እኩል ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ላይ «ምን አለ?» አሉ፤ እኔም በደስታ ደገምኩላቸው።

ቀጥሎ እጃቸውን አነሡ። ልጁ ፈጥኖ አጠፋው። «አባባ፣ አልተስማማዎትም?»

«ከኋላ የሚንቀጠቀጥ አለ» አሉ። «ታርጋው ነው። ቡሎኑ ላልቷል።»

እኔም ልጁም የሰማነው ነገር አልነበረም። ሄዶ በጣቱ ቢነካው የግራው ቡሎን እውነትም ላልቶ ኖሯል። ከጎማ ቁራጭ ቀለበት ቆርጦ ከሥሩ አስገባና አጠበቀው፤ እጁንም በቱታው እየጠረገ መጣ።

«አሁን ከመጀመሪያው አድርገው» አሉት አባቴ።