‹‹ደህና ነን›› እየተባባልን የከረምንባቸው ወራት

ከመስከረም 2015 እስከ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ለ14 ወራት ያህል ቤቴ አንዲት ነጭ የጭነት ቫን ነበረች። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን እዚያው ቀርተው፣ እኔ ቫኗ ውስጥ እየተኛሁና እየበላሁ ከግዛት ግዛት ጭነት ሳመላልስ ከረምኩ። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ መመለሱ ነው።

ሥራውን ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ፋብሪካ ዕቃ በድንገት ሲጎድለው ትልቁ ከባድ መኪና ሞልቶ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሁለት ሦስት ፓሌት የምትይዝ ቫን ያስጠራል። እኔም ከዲትሮይት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ጭኜ በሜክሲኮ ድንበር ላይ እስካለችው ላሬዶ ድረስ ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ። 1,600 ማይል፣ በእኛ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካ ሕግ የከባድ መኪና ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ ሰዓቱን የሚቆጥር መሣሪያም መኪናው ላይ ይገጠምለታል። ይህ ሕግ የሚሠራው ግን ከ10,001 ፓውንድ ጀምሮ ባሉ የጭነት መኪናዎች ላይ ነው። ይህም አራት ቶን ተኩል ያህል ነው። የእኔ ቫን ከዚያ በታች ነበረች። ስለዚህ ‹‹በቃህ፣ ተኛ›› የሚለኝ መሣሪያ አልነበረኝም። ዲስፓቸር የምንለው ጭነት አገናኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከደወለ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቼ እነዳለሁ።

አልጋዬ ከወንበሩ ጀርባ በቫኗ ወርድ ልክ የተቆረጠ ጣውላ ነበር። ጭነት ሲበዛ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከመኪናው ባትሪ በምትሠራ ትንሽ የሩዝ ማብሰያ ሽሮ እሠራለሁ፤ እንጀራው ካለቀ በዳቦ እበላዋለሁ። ገላዬን የምታጠበው በየአውራ ጎዳናው ዳር ባሉ የከባድ መኪና ማረፊያዎች ከፍዬ ነው። በክረምት ሞተሩን አስነስቶ ማደር የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት አጥፍቼ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ አድራለሁ። ጠዋት ስነቃ የራሴ ትንፋሽ በመስኮቱ ላይ በውስጥ በኩል በረዶ ሠርቶ አገኘዋለሁ።

ማታ ማታ እደውላለሁ። ‹‹እንዴት ናችሁ?›› እላለሁ። ‹‹ደህና ነን፤ አንተስ?›› ትለኛለች ባለቤቴ። ‹‹ደህና ነኝ›› እላለሁ። አሥራ አራቱንም ወር ወሬያችን ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ያሰብነው ገንዘብ ሲሞላ ቫኗን ሸጥኩና ገባሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ‹‹እንኳን ደህና ገባህ›› አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ አልነበራቸውም። ዝምታው ከበደኝ፤ እየነቃሁ የትኛው ግዛት እንዳለሁ አስባለሁ። ይሄ ግን በሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ።

የከበደው ቤቱ ነው። ስሄድ በእኔና በባለቤቴ ትከሻ ላይ የነበረ ቤት፣ ስመለስ ያለ እኔ መቆም ለምዶ ጠበቀኝ። በፍሪጁ በር ላይ የሳምንቱ ፕሮግራም ተለጥፏል፤ ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ፣ ባለቤቴ የማታ ሥራ ስትገባ ከማን ጋር እንደሚያድሩ ይላል። የጎረቤታችን ስም አራት ቦታ ተጽፏል። የእኔ ስም የለም። ትንሹ ልጄ ብስኩት ፈልጎ ‹‹ውሰድ›› ብለው፣ ትንሽ ቆም ብሎ ‹‹ማሚን ልጠይቃት›› ብሎ ሄደ። በክፋት አይደለም፤ የቤቱ ሥርዓት እንደዚያ ስለሆነ ነው።

እኔም ሁለት ቀን እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የዕቃ አቀማመጥ እየቀያየርኩ፣ የልጆቹን የመኝታ ሰዓት እየወሰንኩ ትእዛዝ መስጠት ጀመርኩ። ባለቤቴ ታገሠችኝ፤ ታገሠችኝና፣ ‹‹እንግዳ ሆነህ አትቀመጥብኝ፤ አለቃም ሆነህ አትምጣብኝ›› አለችኝ።

በዚያው ቀን ማታ በኩሽናው መሳቢያ ውስጥ ማንኪያ ስፈልግ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት አገኘሁ። የትንሹ ልጄ ስም ተጽፎበታል። ይዤው ሄድኩና ‹‹ይሄ ምንድን ነው?›› አልኳት። አየችው፤ አየችኝ። ‹‹ልጆቹ ይተኙ። ቡና አፈላለሁ፤ እነግርሃለሁ›› አለች።

ቡናው እስኪቆላ ድረስ የመጣችብኝ እናቴ ናት። እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለውን ፊያት ከነተሳቢው እየነዳ ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ አሰብ ይገባል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሲመጣ ቴምርና ጨው ይዞልን ይመጣል። እኛ ልጆቹ ቴምሩን ስንሻማ እናቴ እግሩን አስታጥባ፣ አብልታ፣ ትንሽ እንዲተኛ ትተወዋለች። ሲነሳ ቡና ታፈላለች። ያኔ እኛን ወደ ውጭ አውጥታ፣ እሱ ከሄደበት ቀን ጀምሮ የሆነውን ሁሉ በተራ ትነግረዋለች። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ ከማን ስንት ብር እንደተበደረች፣ የትኛው ልጅ እንዳስቸገረ አንድም አታስቀርም። በስንጥቁ ስናይ አባቴ ሲኒውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሲያበቃ እሱም የራሱን ይናገራል፤ በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ያደረበትን፣ የተገለበጠ ጓደኛውን። ከዚያ በኋላ ነው ወጥቶ አጥሩን የሚያበጀው፣ ልጅ የሚቆጣው። እኛም ያኔ ነው ‹‹አባባ መጣ›› የምንለው።

ባለቤቴ አቦሉን ቀድታ ጀመረች። ትንሹ ልጃችን በጥር አንድ ሌሊት መተንፈስ አቅቶት፣ ትልቋን ለጎረቤት ሰጥታ እሱን ይዛ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሮጣለች። ሁለት ቀን ተኝቷል። በእነዚያ ሁለት ቀናት በየምሽቱ ደውዬላታለሁ፤ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ሆና ‹‹ደህና ነን›› ብላኛለች።

ደሜ ፈላ። ‹‹አባቱ አይደለሁም?›› አልኳት።

‹‹ነህ። ስለሆንክ ነው›› አለችኝ። ‹‹በረዶው ላይ ነበርክ። ያንተን መኪና የሚያስቆም ሰዓት ቆጣሪ የለም። ብነግርህ ሳትተኛ ትነዳ ነበር። ሁለታችሁንም በአንድ ሌሊት እንዳላጣ ነው የዋሸሁህ።››

መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነበር። ቶናው ላይ እኔ ነገርኳት። በዚያው ጥር ኔብራስካ ውስጥ፣ 80 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ፣ ቫኗ በረዶ ላይ ተንሸራታ ዞረችና ፊቷን ወደ መጣሁበት አዙራ በሁለቱ መንገዶች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ቆመች። ጭረት እንኳ አልነካኝም፤ ግን እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በዚያ ምሽት ደውዬ ‹‹ደህና ነኝ›› ነበር ያልኳት። ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና አለቀሰች። በረካው እስኪደርስ ሁለታችንም አለቀስን።

የእኛ ሰው ለራቀ ሰው ክፉ ወሬ አይነግርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ጊዜ ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፤ ባለቤቴን አላወግዝም። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ከተመለሰ በኋላም ዝምታው ሲቀጥል ነው። ‹‹ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል›› ይባላል። እኛ ከልብ አልራቅንም ነበር፤ አንዳችን የሌላችንን ዓመት ግን አናውቀውም ነበር። አብሮ ያልተወራ ዓመት ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

ቡናው ሦስት ምሽት ቀጠለ። የቀረውን ወር በወር ተነጋገርን፤ የኪራይ ውዝፉን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ያለቀሰችባቸውን ቀናት፣ እኔ ብቻዬን ያሳለፍኩትን የዘመን መለወጫ። አንድ ነገርም ተስማማን፤ ከእንግዲህ ማንኛችንም ብንርቅ፣ ስለ ልጆቹ ጤና የተፈጠረ ነገር በዚያው ቀን ይነገራል። መንዳት የሌለበት ሰው ‹‹አቁምና ተኛ›› ይባላል፤ እሱም ይሰማል።

ትእዛዝ መስጠቱን ትቼ ሥራ ጠየቅኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ የሰጠችኝ የትንሹን መድኃኒት ነው፤ ጠዋትና ማታ እንዴት እንደሚሳብ፣ በኋላ አፉን እንዴት እንደሚጉመጠመጥ አሳየችኝ። ጎበዙ አስተማሪዬ ግን ራሱ ልጁ ነበር። ‹‹አባዬ፣ መጀመሪያ ነቅንቀው›› ይለኛል።

ከጅቡቲ መንገድ፣ ከዓረብ አገር፣ ከዘመቻ የሚመለስ ሰው የምትጠብቁ ብዙ ናችሁ። አብሉት፣ አስተኙት። ሲነሳ ግን ቡና አፍሉና ንገሩት፤ የሱንም አስነግሩት። ያንን ሳትሰሙና ሳታሰሙ ‹‹ተመልሷል›› አትበሉ፤ ሻንጣው ብቻ ነው የገባው።