ግራፊክስ ሲባል ፎቶሾፕ ለሚመስላችሁ

እናንተ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች! «ኮምፒውተር ግራፊክስ» የሚባለውን ኮርስ ስትመዘገቡ ልባችሁ ጮቤ ይረግጣል አይደል? ስዕል፣ ቀለም፣ ፖስተር፣ የሠርግ ካርድ... «እዚህስ ላይ ኤ አታመልጠኝም» ትላላችሁ። እኔ ጂንካ ላይ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። የሠርግ ካርዱ የሚሠራው እኔ ጋ ነው። ኮርሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ፎቶሾፕ መኪና መንዳት ከሆነ፣ ግራፊክስ ሞተሩን ፈትቶ መግጠም ነው።

ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከተማችን ወጣት በዝቶባታል፤ ለዕረፍት ከሌላ ግቢ የሚመጡትም አሉ። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ መሀል «ፕሮጀክት ትሠራልናለህ?» የሚል አይጠፋም። የሚጠሩት ዋጋ የሳምንት ፎቶ ኮፒ ያስንቃል። እምቢ ስል አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ይበግናል። «አንተ ሰውዬ፣ የቤት ኪራይ በጨዋነት ይከፈላል እንዴ?» እሱም እውነት አለው፤ ወር ሲሞላ አከራያችን ስለ ትምህርት ጥራት አይጠይቁንም። እኔ ደግሞ «ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይፈተኑ መመረቅ የለ፤ የመውጫ ፈተናው ላይ 50 ከመቶውን ማን ያመጣላቸዋል?» እለዋለሁ። ክርክራችን እስከ ዛሬም አላለቀም።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ መንገዱ ጢም ባለበት ሰዓት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መጣች (የየትኛው ግቢ እንደሆነች ይቆየን)። የአሳይመንት ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኩዊዝ፣ ሚድ፣ ላብና ፕሮጀክት ተደምሮ ግማሹን ማርክ ይይዛል፤ ግማሹ ፋይናል። ፕሮጀክቱ ብቻውን 20 ነው። በሲ ፕላስ ፕላስና በኦፕን ጂኤል ባለ ሦስት አቅጣጫ ነገር ሠርቶ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ለብቻ ቆሞ ማስረዳት።

«ወንድሜ፣ እኔ ስዕል እችላለሁ። ይኼ ግን ማትሪክስ ነው!» አለችኝ፣ እንባዋ እያቀረረ። ቤተሰቦቿ በሬ ሸጠው ነው ላፕቶፕ የገዙላት። ኤፍ ከመጣ ደግሞ ኮርሱ ተመልሶ እስኪሰጥ አንድ ዓመት መጠበቅ አለ። ዓመቱን ማን ያበላታል?

«ሠርቼ አልሸጥልሽም፤ ግን ነገ ነይ» አልኳት። ጓደኛዬ ጣራ ጣራውን አየ።

በማግስቱ መብራት የለም። ይሻላል! ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አወጣን። ስክሪን ማለት ይኼው ነው፤ የሚቀባ ካሬ እንጂ ቀጥ ያለ መስመር የሚባል ነገር የለበትም። ከ(0፣0) እስከ (8፣3) መስመር እናስምር ብንል፣ በየእርምጃው ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወደ ቀኝ ብቻ ልሂድ ወይስ አንድ ከፍም ልበል? ጃክ ብሬዘንሃም የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 ለዚህ ዘዴ አገኘለት። ማካፈል የለ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር የለ፤ በሙሉ ቁጥር እየደመሩ እየቀነሱ መሄድ ነው። ልጅቷ እያሰላች ዘጠኝ ካሬ ቀባች። ራቅ አድርጋ አየችውና «እንዴ! ይኼማ ጥልፍ ነው!» አለች። እናቷ ጠላፊ ናቸው ለካ። ከዚያ ወዲያ ስለ መስመር አላስረዳኋትም። (ፋይናል ላይ ይህን በእጅ አስሉ የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው፤ ላፕቶፕ የለኝም ብላችሁ ለምትጨነቁ።)

ለፕሮጀክቱ ጓደኞቿ ፀሐይና ፕላኔቶችን ገዝተው ነበር። እሷ የአያቷን ጎጆ መረጠች፣ አሪ አገር ያለውን። ጎጆ ለግራፊክስ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ግድግዳው ሲሊንደር ነው። ጣራውም ያው ሲሊንደር ሆኖ የላይኛው አፉ ዜሮ ሲደረግ ይሾላል፤ አንዱ ትእዛዝ ሁለቱንም ይሠራል። ዙሪያውን በ8 ብትከፍሉት እንደ ሳጥን ማዕዘን ያወጣል፣ በ40 ብትከፍሉት ዓይን ክብ ነው ብሎ ይቀበላል።

ያስቸገረን ማዞርና ማንቀሳቀሱ ነው። በቡና ስኒ አሳየኋት። ስኒውን መጀመሪያ አዙራችሁ ከዚያ ብትገፉት፣ የደረሰበት ቆሞ ራሱን ይዞራል። መጀመሪያ ገፍታችሁ የጠረጴዛውን መሀል ማዕከል አድርጋችሁ ብታዞሩት ግን ጠረጴዛውን ይዞራል። የማትሪክስ ብዜት ቅደም ተከተል የሚባለው ይኸው ነው። ተንኮሉ ደግሞ፣ በዚያ በአሮጌው የኦፕን ጂኤል አጻጻፍ ከኮዱ ታች ያለው መስመር ነው ቀድሞ የሚሠራው!

የፕሬዘንቴሽኑ ቀን መምህሩ ፕላኔት የገዙትን «እነዚህን ሁለት መስመሮች ባቀያይራቸው ምን ይሆናል?» ሲሏቸው ዝም። እሷ ስኒ አስመጥታ ልታስረዳ ምንም አልቀራት። ከዚያ «እስቲ ጎጆውን ከጀርባው አሳዪኝ» አሏት። አዞረችው። ምን ሆነ መሰላችሁ? የፊት ለፊቱ በር በጀርባው ግድግዳ በኩል ጥርት ብሎ ታየ! ኮምፒውተር ካልተነገረው በቀር የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ አያውቅም፤ መጨረሻ የተሳለውን ከላይ ያደርገዋል። በሩን ደግሞ መጨረሻ ነበር የሳለችው።

ከ20 16 አገኘች። ማታውኑ ደወለችልኝ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ጥልቀትን አመሳክር የሚለው ትእዛዝ ነበር የጎደለው፣ አንዲት መስመር። ጨምራው በሩ ቦታው ገብቷል። ማርኩ ግን ተሞልቶ አልቋል።