ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው!

ዛሬ የማጫውታችሁ የፍቅር ገጠመኝ ነው። ፍቅሩ ግን ከቆንጆ ጋር ሳይሆን ከሄድፎን ጋር ነው። አትሳቁ! ሰው በሄድፎን ፍቅር ወድቆ ከእናቱ ሊጣላ እንደሚችል በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለእረፍት መጣ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ጫማና ሽቶ ነው የሚይዘው አይደል? እሱ ግን ሁለት ጥቁር ሳጥን አንጠልጥሎ መጣ። ሲከፍታቸው በሁለቱም ውስጥ ሄድፎን ነው። ግን ምን ዓይነት ሄድፎን! አንዱን ሳነሳው ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል።

«ይሄ ክፍት ነው፣ ይሄ ዝግ ነው» አለኝ።

ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው የኦዲሲ ኩባንያ ሥራ ናቸው። ክፍቱ ኤልሲዲ-2 ይባላል፤ ጀርባው ወንፊት መሳይ ስለሆነ አየርም ድምፅም ያሳልፋል። ዝጉ ኤልሲዲ-ኤክስሲ ነው፤ ጀርባው በእንጨት ተከድኗል። ዋጋቸውን ጠየቅኩት። «አንዱ ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፤ ሌላው ከዚያም ያልፋል» ሲለኝ እጄን ሰበሰብኩ። የስንት ወር የቤት ኪራይ ነው በእግዚአብሔር!

ደግሞ ምኑ ነው የተለየው?

እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅኩት። እኛ የለመድነው ሄድፎን ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ስፒከር ናት። ክብ ሸራ አለች፤ ከኋላዋ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት አለ። ሽቦው ሸራዋን እየገፋና እየሳበ ያንቀጠቅጣታል። ፕላናር የሚባለው ግን ከፀጉር የሳሳ ፕላስቲክ ነው። የኤሌክትሪኩ መስመር እንደ ጥልፍ ገጹ ላይ ተነጥፎበታል፤ እሱ ራሱ እንደ ከበሮ ቆዳ በማግኔቶች ፊት ተወጥሯል። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው በአንድ በኩል ተገፍቶ ሳይሆን ሙሉ ገጹ በአንድ ጊዜ ነው። ክብደቱም ከማግኔቶቹ ብዛት የመጣ ነው።

የዛሬ ግኝት ግን እንዳይመስላችሁ። ያማሃ በዚሁ ዘዴ ኤችፒ-1 የተባለ ሄድፎን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አባቶቻችን አፍሮ በሚያበጥሩበት ዘመን ማለት ነው!

የመጀመሪያው ቀን

በችኮላ ክፍቱን ስልኬ ላይ ሰካሁት። ድምፁ ቅቤ ያልገባበት ወጥ ሆነብኝ። ሺህ ዶላር ለዚህ? የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝና ከቦርሳው ትንሽ አምፕሊፋየር አወጣ። እንዲህ ያለው ሄድፎን ጉልበት ይፈልጋል ለካ!

ከዚያ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ከፈተልኝ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሥራ ነው፤ እኔ በታክሲና በሠርግ ቤት ስሰማው ነው ያደግኩት። የሰማሁት ግን ይመስለኝ ነበር እንጂ አልሰማሁትም። ቤዝ ጊታሩ ለብቻው መንገድ አለው! ሳክስፎኖቹ ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይሆን ከፊት ለፊቴ ራቅ ብለው ቆመዋል። ዘወር ብዬ በሩን አየሁ፤ ሰው የገባ መስሎኝ።

ቀጥሎ የአስናቀች ወርቁን ክራር ሰማሁ። ጣቷ ጅማቱን ሲለቅቀው ይሰማል። ከመዝፈኗ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ2011 አርፈዋል፤ ለእኔ ግን በዚያች ሌሊት ከፊቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። እንባዬ መጣ ብላችሁ ትታዘቡኛላችሁ?

ዝጉን ሳጠልቅ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ውጪ ጀኔሬተር ይጮህ ነበር፤ ጥፍት አለ። ዘፈኑ ይበልጥ ይቀርባል፣ መድረኩ ግን ይጠብባል። ክፍቱ ሜዳ ላይ እንደተዘፈነ ከሆነ ዝጉ ሳሎን ውስጥ እንደተዘፈነ ቁጠሩት። በክፍቱ የኋላው ድምፅ በወንፊቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ በዝጉ ግን መውጫ ስለሌለው እንጨቱ እንዳይመልሰው የሚያፍነው ነገር ውስጡ ይደረጋል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ መነጽር አደርጋለሁ፤ የመነጽሬ እጀታ ትራሱን ከቆዳዬ ሲያላቅቀው የዝጉ ቤዝ ወዲያው ቀለለ። መነጽሬን ሳወልቅ ተመለሰ።

ጉዳቸውንም አልደብቅም። የራሴ ስልክ ላይ ያሉት ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ሲገለበጡ የኖሩ ዘፈኖች በነዚህ ሲሰሙ ያሳፍራሉ። ሽሽታው፣ መሰነጣጠቁ፣ ሁሉም አደባባይ ይወጣል። ውድ ሄድፎን ሐሜተኛ ነው፤ የሰማውን አይደብቅም።

ከዚያስ?

የአክስቴ ልጅ ወደ ክፍለ ሀገር ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ሁለቱንም ለሳምንት ተወልኝ። እኔ፣ እናቴና ታናሽ እህቴ የምንኖረው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዋ ሌሊት ክፍቱን አደረግኩ። እህቴ ከብርድ ልብስ ውስጥ ብቅ ብላ «አንተ! ለራስህ ነው ወይስ ለሠፈሩ ነው የምትሰማው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክፍት ሄድፎን ለጆሮህ የሚሰጠውን ያህል ለጎረቤትህም ያካፍላል። በማግስቱ ወደ ዝጉ ዞርኩ። ሰላም ሆነ። እህቴ ተኛች፣ እኔም በደስታ ጠፋሁ።

ሦስተኛዋ ሌሊት ላይ ነው ጉዱ የመጣው።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። በዚያች ሌሊት እራቷን በቅጡ ሳትበላ መድኃኒቷን ወስዳ ኖሮ ስኳሯ ወረደ። ላብ አጠመቃት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተጣራች። ስሜን ጠራች። ደግማ ጠራች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ፣ አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳክስፎን እሰማለሁ! እህቴ ነቅታ በጥብጣ ስኳር ባታጠጣት ኖሮ ዛሬ ምን እጽፍ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። እኔ ያወቅሁት እህቴ ሄድፎኑን ከራሴ ላይ መንጭቃ ስታወልቀው ነው። ፊቷን አይቼ አፌ ተሳሰረ።

እናቴ ሲሻላት አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ «ልጄ፣ ጆሮህን ለማን ሰጠኸው?» ብቻ አለችኝ። ያቺ ቃል እስከዛሬ ታንቃኛለች።

ሄድፎኑ አጠፋ አልልም። የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል። የት፣ መቼና ከማን ጋር እንደምኖር የዘነጋሁት እኔ ነኝ።

ምርጫው

የአክስቴ ልጅ ሲመለስ ነገሩን ሰማ። ትንሽ ዝም አለና «አንዱን ልተውልህ ነበር ሐሳቤ። የቱን?» አለኝ። ከሳምንት በፊት ቢሆን ዝጉን እል ነበር። ክፍቱን አልኩት።

የመጀመሪያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ለእናቴ አደረግኩላት። ያሮጌ ትዝታ ከፈትኩላት። ደንገጥ ብላ «ከኋላዬ ማን ነው የቆመው?» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ራሷን ማወዛወዝ ጀመረች። ቡና ስጠይቃት ሄድፎኑን ሳታወልቅ መለሰችልኝ። ይሄ ነው የክፍቱ ጸጋ፤ ዘፈኑንም ሰውንም ያሰማል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከልምዴ ይህችን ልበላችሁ። ጫጫታ ባለበት ቢሮ ወይም በጉዞ ላይ ተሳፋሪ ሆናችሁ ከሆነ ዝግ ሄድፎን ይጠቅማል፤ የውጪውን ጩኸት ስለሚያፍን ድምፁን ሳትጨምሩ ትሰማላችሁ። በክፍቱ ጫጫታውን ለማሸነፍ ብላችሁ ድምፅ ከጨመራችሁ ግን የምትጎዱት ጆሯችሁን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ካወለቃችሁ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ አብዝታችኋል ማለት ነው። መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ ፈጽሞ አውልቁ። ሕመምተኛ፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ባለበት ቤት ዝጉን የምታደርጉ ከሆነ፣ የሚነቃ ሌላ ሰው መኖሩን አረጋግጡ፤ ካልሆነ አንዱን ጆሯችሁን ነፃ አድርጉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው። የኔ ጆሮ ለሦስት ሌሊት ባዳ ሆኖብኝ ነበር። አሁን ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ እናቴ ስትጠራኝ ገና የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ሳትጨርስ «አቤት!» እላለሁ።

እናንተስ? አሁን ይህን ስታነቡ ቤት ውስጥ የሚጠራችሁ ሰው ይኖር ይሆን? እስቲ አንዴ አዳምጡ። ቸር ሰንብቱ!